ፍትሐቷ ቀድሟት ነበር

የሆሣዕና ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሰው ዘንባባውን ይዞ መውጣት ሲጀምር እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ ልወጣ ነበር። ቸኩያለሁ። እማዬን ከወንድሜ ጋር ነው ትቻት የመጣሁት፣ እሱ ደግሞ መድኃኒቷን በሰዓቱ መስጠቱን እጠራጠራለሁ። ካህናቱ ግን አልጨረሱም። ሌላ ጸሎት ጀመሩ። ዜማው ከባድ ነው፣ የቅድሙን ደስታ አይመስልም። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ፍትሐት ነው ልጄ" አሉኝ፣ ለሞተ ሰው የሚደረሰው ጸሎት። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ትንሽ ቆምኩ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ ከመሃል ጥዬ ወጣሁ።

በሩ ላይ ከዘንባባው ሁለት ቀለበት ሠራሁ። ልጆች ሆነን ያስተማረችን እማዬ ናት፤ ቅጠሉን ሁለቴ አጥፈሽ ጫፉን በራሱ ውስጥ ታሾልኪዋለሽ። ቤት ገብቼ አንዱን ጣቷ ላይ አደረግኩላት። የጋብቻ ቀለበቷ ከወለቀ ወራት ሆኖታል፣ ጣቷ ቀጥኖ አልይዝ ስላለ። የዘንባባው ግን በልኳ የተሠራ ነውና ያዘ። እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችውና "ደግሞ ልትድሪኝ ነው?" አለችኝ። ሳቅን።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳይነጋ አረፈች።

ብዙ ሰው "እንዴት ቻልሽው?" ይለኛል። አንዳንዱ የሚጠይቀኝ ራሱ ታማሚ ቤቱ አስተኝቶ ስለሆነ፣ በሁለት ቃል "እግዚአብሔር ረዳኝ" ብዬ ማለፍ ከበደኝ። ረድቶኛል። ግን እንዴት እንደረዳኝ ልንገራችሁ፣ እኔ በጠበቅኩት መንገድ አልነበረምና።

ሕመሟ የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ያወቅነው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፣ ያኔም ዘግይቷል። እማዬ ለወራት ደም ሲፈሳት ለማንም አልተናገረችም፤ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር ለሴት ልጇም አትናገርም። (ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ምርመራውን አድርጊ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ቀድሞ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው። እናትሽንም ጠይቂያት፣ እያፈርሽም ቢሆን ጠይቂያት።) ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሂዱ ተባልን። ወረፋ ጠበቅን። ከጎንደር፣ ከአዘዞ በአውሮፕላን ተመላለስን፣ ብሩ አለቀ፣ ወርቋን ሸጥን። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ ቀጠሮውም አለፈ። ያንን ጊዜ ጎንደር ሆኖ ላሳለፈ ሰው መዘርዘር አያስፈልገኝም።

የሰው ማጽናኛ ብዙ ነበር። ከልባቸው ነው፣ አውቃለሁ። አንዳንዱ ቃል ግን ከማስታመሙ በላይ ያደክማል። "እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚፈትነው።" "እገሊት እኮ ጸበል ተጠምቃ ድናለች፣ እናንተ እምነት ጎድሏችሁ እንዳይሆን።" ጸበል ወስደናታል። ተጠምቃለች፣ ጠጥታለች፣ ኪሞዋንም ወስዳለች። ሁለቱን የሚያጣላ ሰው እኛ ቤት አልነበረም። እኔን የጎዳኝ ከቃሉ ሥር ያለው ሒሳብ ነው። ይህን ያህል ካመንሽ ይህን ያህል ትድናለች፣ ዓይነት። ስለዚህ እማዬ በባሰባት ቁጥር የእምነት ዕዳ ያለብኝ ይመስለኝ ጀመር። ሌሊት ተነስቼ እጸልያለሁ፣ ጸሎቴ ውስጥ ጥርጣሬ ገብቶ እንደሆነ ደግሞ ራሴን እበረብራለሁ፣ ጠዋት ስታቃስት ስሰማ "አልበቃም ማለት ነው" እላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚህ ኖርኩ። ማንም አያውቅም ነበር፣ የንስሐ አባቴም ጭምር።

በ2016 መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከሆስፒታል ስወጣ እግሬ ወደ ቤት እምቢ አለኝ። ባጃጅ ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ዐቢይ ጾም ነው። ግቢው ጭር ብሏል፣ ጥዱን ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ቱሪስት የሚባል ከጠፋ ቆይቷል። ገብቼ ቀና አልኩ። የጣሪያውን መላእክት የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ካላንደር ላይ፣ ፖስት ካርድ ላይ፣ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አሉ። በረድፍ በረድፍ ፊት ብቻ፣ ክንፍ ያለው ፊት፣ ዓይናቸው ትልልቅ። ልጅ እያለሁ "የትም ብትቆሚ ያዩሻል" ይሉኝ ነበር፣ እንዳልረብሽ። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ አየኋቸው፣ እነሱም አዩኝ።

ታሪኩንም የማያውቅ የለም። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። ይህን ታሪክ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ሁልጊዜ ከንቦቹ ጋር ነበርኩ። ያን ቀን ግን የተቃጠሉት ትዝ አሉኝ። እዚያም እኮ ይጸለይ ነበር። እዚያም ሕፃን ክርስትና ተነስቷል፣ እናት ተስላለች፣ ቄስ ሌሊት ተነስቶ ሰዓታት ቆሟል። ለእነሱ ንብ አልመጣላቸውም። ጸሎታቸው ጎድሎ ነበር? እንደዚያ ብሎ የሚያምን ጎንደሬ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አያቶቻችን የተቃጠሉትን ብዙዎቹን መልሰው ሠሯቸው። ከእሳት በተረፈውም፣ ከአመድ በተነሳውም ያው አንድ ቅዳሴ ነው የሚቀደሰው። እኛ ሰፈር ያለው ደብር ራሱ ተቃጥሎ የተሠራ ነው፣ ያደግኩት እዚያ ነው፣ አንድም ቀን ግን ከሥላሴ ያነሰ መስሎኝ አያውቅም።

የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከላይ ሥላሴ አሉ፣ ሦስቱም አንድ መልክ ያላቸው ሽማግሌዎች ሆነው። ከሥራቸው ስቅለቱ ነው። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም ነበር። ያ ጣሪያ ሙሉ መላእክት አለ፣ እርሱ ግን ከሥር ተሰቅሏል። ለእርሱም ንብ አልመጣለትም።

ያኔ አለቀስኩ። ተጽናናሁ ብዬ አልዋሻችሁም፣ ቤት ስገባ እማዬ እንደዚያው ናት፣ ሕመሙም እንደዚያው ነው። ሒሳቡን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተውኩት። እማዬ ብትሞት ከእምነቴ ማነስ አይደለም፣ ብትድንም ከእምነቴ መብዛት አይደለም። ይህን ስል እንዴት እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱን በሌላ መንገድ አሳለፍነው። እማዬ ማንበብ አትችልም፣ ግን ዳዊት ከትራሷ ሥር ጠፍቶ አያውቅም። እኔ በአማርኛው አነብላታለሁ። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለውን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ከእኔ ቀድማ ትጨርሰዋለች። አንድ ሌሊት ግን ገጹ ራሱ ተገልጦ 87ኛው ላይ ደረስን (አዲሱ አቆጣጠር 88 ይለዋል)። ያንን መዝሙር አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ቀንም ሌሊትም የሚጮኽ ሰው ነው። መልስ አላገኘም። ሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ትንሽ ብርሃን አላቸው፣ ይሄ የለውም፣ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ያልቃል። ስጨርስ ደነገጥኩ፣ ለታማሚ የሚነበብ መስሎ አልታየኝም። ሌላ ልፈልግ ስል "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና "ይሄ ሰውዬ እውነትም አሞታል" አለች። ከዚያ ወዲህ ሲብስባት "የታማሚውን አንብቢልኝ" ነበር የምትለው። እንደ ሰፈር ሰው ነበር የምታወራለት።

እኔ ያኔ የገባኝ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን ጩኸት ቆርጦ አለማውጣቱ ነው። አባቶቻችን ያንን መዝሙር ከነምሬቱ በየሳምንቱ ይደግሙታል። አልዓዛር ሲሞት ማርታ ጌታን ወጥታ ተቀብላ መጀመሪያ ያለችው "አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር" ነው። ወቀሳ ነው እኮ። አልተቆጣትም። ወደ መቃብሩ ሊሄድ ሲል ራሱ አለቀሰ፣ ሊያስነሳው እያወቀ አለቀሰ። ስለዚህ "አታልቅሺ፣ እምነት የለሽም እንዴ?" የሚለኝን ሰው ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ነው የማሳልፈው።

ወደ ረቡዕ ልመለስ።

በሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ይህን በስማ በለው አውቀው ነበር፣ ራሴ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳምንቱ የጌታ ሕማም ብቻ የሚታሰብበት ነው፤ መስቀል አይሳለሙም፣ ካህኑ "ይፍታሽ" አይሉሽም፣ ሰው ለሰላምታ እንኳን አይሳሳምም። የንስሐ አባታችን ሊነጋጋ ሲል መጡ፣ መስቀላቸው በእጃቸው የለም። እማዬን አጥበን፣ ነጠላዋን አልብሰን አስተኝተናታል። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር፣ በሦስት ቀኑ ጠውልጎ ቢጫ ሆኗል። እኔ አባን እንዳየሁ የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ። እናቴ እንደዚህ ተሰቃይታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ያለ ፍትሐት ልትቀበር ነው? አሁንስ ምን ቀርቶ ይወሰድብን? ጮህኩባቸው፣ እውነቴን ነው። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ሊያወጣኝ ሞከረ።

አባ ወንድሜን በእጃቸው ከለከሉት። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ለመቀመጥም ጊዜ ወሰደባቸው።

"ልጄ፣ እሑድ ተፈትቶላታል እኮ" አሉኝ።

አልገባኝም።

"የሆሣዕና ፍትሐት ለማን መሰለሽ? በዚህ ሳምንት ለሚሞቱት ነው። ማን እንደሆኑ እኛ አናውቅም፣ እሱ ያውቃል። እናትሽ ቤት ተኝታ ሳለች ፍትሐቷን ቆመን አድርሰናል። አንቺም ነበርሽ፣ አይቼሻለሁ።"

ነበርኩ። ከመሃል ጥዬ ወጣሁ እንጂ ነበርኩ። እኔ ሰዓቴን ሳይ እነሱ እናቴን እየሸኙልኝ ነበር። እሷ በሕይወት አለች፣ መድኃኒት ትጠብቃለች፣ ገና ቀለበት ታደርጋለች፣ ትስቃለች፤ እነዚያ ስሟን ያልጠሩ ካህናት፣ ከጎኔ የቆሙት እናት፣ ያ ሁሉ ሰው ግን ቀድሞ አልቅሶላት ነበር። አባን ይቅርታ እንኳን አልጠየቅኳቸውም፣ ድምፄ አልወጣም። እሳቸውም ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሰው እስኪመጣ ድረስ ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ቆዩ።

ቀብሩ ጸጥ ያለ ነበር። ዕለቱ ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ክብረ በዓል ነው፣ ግን ሕማማት ላይ ስለዋለ ደወሉም ሆታውም የለም።

ድንኳኑን እድሩ ተከለ። ንፍሮው ተቀቀለ። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ላይ ያደረጉት መልካም ነገር አንድ ነው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ ተቀመጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው። የእኛ ሰፈር ሴቶች ይህን ሳያነቡት ያውቁታል። አንዷ ጎረቤታችን ገብታ፣ ምንም ሳትለኝ፣ እማዬ የተኛችበትን አንሶላ አንስታ ወጣች። ያንን አንሶላ እንዴት እንደምነካው ሳስብ ነበር ያነጋሁት። ከሰዓት በኋላ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። የማን እንደሆነ፣ ምን እንደነበረበት ያወቅነው እሷና እኔ ብቻ ነን። እስከ ዛሬ አላነሳነውም።

ሠልስቷ ስቅለት ላይ ዋለ። ጠዋት ለቅሶ ቤቱን ለእህቶቿ ትቼ ለስግደት ሄድኩ። ሰው ያየኛል ብዬ ተሳቅቄ ነበር፣ ያየኝ የለም፣ ሁሉም ይሰግዳል። በዚያ ቀን ምንም ማሰብ አይጠበቅብሽም። ትነሺያለሽ፣ ትወድቂያለሽ፣ "ኪርያላይሶን" ትያለሽ። ጉልበቴ ዛለ፣ ግንባሬ አፈር ሆነ፣ ኀዘኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ሥራ አገኘ። "አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ" የሚለው ሲነበብ ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር አለቀስኩ። ለጌታ ይሁን ለእማዬ አልለየሁትም። መለየት ያለብኝም አልመሰለኝ። አመሻሹ ላይ ካህኑ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ስግደት ሲያዙኝ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ያበጠው ደረቴ ትንሽ ተነፈሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ "ገብረ ሰላመ በመስቀሉ" እያሉ ቄጠማ ሲያድሉ እኛ በር ላይ የሚቆሙ አልመሰለኝም ነበር። ለቅሶ ቤት ነው። ገቡ። ሴቶቹ ሁላችንም ጥቁር ሻሽ አስረናል። አንደኛው ካህን ቄጠማውን ቀነጠሱና ሰጡኝ። የት እንደማስረው ግራ ገባኝ። የእማዬ ታላቅ እህት ከእጄ ተቀብላ በጥቁሩ ሻሽ ላይ፣ ግንባሬ ላይ ዙሪያውን አሰረችልኝ። እርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ በቅንድቤ ላይ ወረደ። ጥቁሩን አላወለቁብኝም፣ "በቃ ፋሲካ ነው፣ ደስ ይበልሽ" ያለኝም የለም። አረንጓዴው ከላዩ ታሰረ፣ ሁለቱንም አድርጌ ዋልኩ።

ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ጧፍ ይዣለሁ። "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲባል ሕዝቡ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብሎ ይመልሳል፣ እኔ አፌ አልከፈት አለኝ። "ሰላም" ሲሉ መልሱ "እምይእዜሰ" ነው፣ ከእንግዲህስ ማለት ነው። እሱን እኔም አልኩት። ከእንግዲህስ። "ኮነ" ሲሉ ግን የሚመለሰው "ፍሥሐ ወሰላም" ነው፣ ፍሥሐን ማለት አቃተኝ። ዙሪያዬን ያለው ሕዝብ አለልኝ፣ እጅግ ብዙ ድምፅ፣ ከፊት ከኋላ። የእሑዱ ፍትሐት ትዝ አለኝ። እኔ የማልችለውን ሌላው እየቻለልኝ ነው ያለሁት አልኩ፣ ወይም ያን ጊዜ ያልኩት ይመስለኛል።

አርባዋን ሰኔ 2 ቀን አወጣን። ሰው ከሄደ በኋላ አባን "ግን ለምን?" አልኳቸው። ልጠይቃቸው ካሰብኩ ዓመት አልፎኛል። አባ ትርጓሜ የተማሩ ናቸው፣ እዚሁ ጎንደር፣ በልጅነታቸው ኮቾሮ እየለመኑ። ሳቅ አሉና "እኛ ጉባኤ ቤት አንዱን ቃል ስንፈታ 'አንድም' እንላለን፣ ቀጥለን 'አንድም' እንላለን። አንድ ፍቺ ብቻ ይዞ የተነሳ ተማሪ ገና ነው ይባላል። የእናትሽን ሞት 'በዚህ ምክንያት ነው' ብሎ በአንድ ቃል የዘጋልሽ ሰው ካለ፣ ገና ነው" አሉኝ። ከዚያ ቡናቸውን ጠጡ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ የሚያውቁም አልመሰሉኝም። ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ እሱ ነው የቀረኝ።

ዘንድሮም አንዳንድ ቀን ይብሳል። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትመርጥ ሴት ከኋላዋ እማዬን መስላኝ ተከትያት አውቃለሁ። ጸሎትም አንዳንድ ሳምንት ባዶ ነው፣ ቃሉን ብቻ እላለሁ። ድሮ ይህ ያስፈራኝ ነበር።

የ2017 ሆሣዕና ሚያዝያ 5 ቀን ዋለ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ እኔ ቦታዬ ላይ ቆየሁ። ሁለት ቀለበት ሠርቼ ነበር፣ አንዱን አደረግኩት፣ አንዱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ካህናቱ ጀመሩ። አጠገቤ አንዲት ወጣት ልጅ አዝላ ቆማለች፣ ቸኩላለች፣ በሩን ታያለች፣ ልጁ ይነጫነጫል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ፍትሐት ነው።"

"ማን ሞቶ?"

"ገና አልሞቱም" አልኳት። "በዚህ ሳምንት ለሚያርፉት ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ልጁን ከጀርባዋ ከፍ አደረገችና ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።